ለፈተና የተዋስኩት አከርካሪ

ለአናቶሚ ፈተና የሰው አከርካሪ ከኮሌጁ ተውሼ ቤት አመጣሁ። እናቴ አጠገቤ ምስር እየለቀመች፣ ጮክ ብዬ ሳጠና ታዳምጠኛለች፤ አንገት ላይ ወደ ፊት፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ፣ ወገብ ላይ ደግሞ ወደ ፊት ይጎብጣል።

«በነዚህ ቀዳዳዎችስ ምን ያልፋል?» አለችኝ፣ በአጥንቶቹ መሀል ያሉትን በጣቷ እየነካካች።

«ነርቭ ነው እማዬ። ሕመሙን ሁሉ ወደ ጭንቅላት የሚያደርሰው እሱ ነው።»

«እንግዲህ ወንድምሽን ሲገርፉት የተሰማው በዚህ በኩል ነዋ» አለችና ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

ታላቅ ወንድሜ አያልነህ በደርግ ጊዜ ከቤት ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል። መርዶ ስላልመጣላት እናቴ አንድም ቀን ለቅሶ ተቀምጣለት አታውቅም።

በማግስቱ ከክፍል ስመለስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፤ ከቀብር መመለሳቸው ነው። እናቴ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እየሮጥኩ ወደ ክፍሌ ገባሁ። የአከርካሪው ካርቶን ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?» አልኳት ተመልሼ በጆሮዋ። «የማን እንደሆነ እንኳ የማይታወቅ አጥንት እኮ ነው!»

ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር ነበር።

«ታዲያ የልጄ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?» አለችኝ።