ነጭ የወጣው ማጣሪያ

የአሳማ ጋጣችንን የአየር ማጣሪያ በር ስከፍት የበረኪና ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ትናንት ጣት የሚያህል ቡናማ ልጋግ ለብሰው የነበሩት የፕላስቲክ ወንፊቶች ዛሬ ነጭ ናቸው። ውሃው ይወርድባቸዋል፤ የሚኖርባቸው ግን የለም።

"አማረ አይደል?" ይላል ወንድሜ ትዋን ከኋላዬ። የውሃ መርጫውን እንደ ጠመንጃ አንግቶታል። "ጎህ ሲቀድ ጀምሬ ስፈገፍግ ነው ያረፈድኩት። ለካርኒቫል በዓል የሚያጌጥ ሰረገላ እንኳ እንዲህ አይጸዳም።"

"በምን አጠብከው?"

"ጋጣውን በምናጥብበት መድኃኒት ነዋ። የማዘጋጃ ቤቷ መርማሪ ልትለካ እየመጣች አተላ ላሳያት?"

"የሚሠራው እኮ አተላው ነው። የአሳማዎቹን አሞኒያ፣ ያንን የሚያቃጥል ጋዝ፣ የሚበላው እሱ ነው። ባክቴሪያ ነው፣ ነፍስ ያለው። ስንቴ ልንገርህ?"

"እሺ፣ ፕሮፌሰር።"

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ትምህርት ስላቆምኩ ነው እንዲህ የሚለኝ። የማጣሪያውን መመሪያ ግን ከዚህ ቤት ማን አነበበው? የባክቴሪያውን ዘር ከክፍለ ሀገራችን ከብራባንት ሌላ ጫፍ በባልዲ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፤ አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ውሃውን እየለካሁ ያሳደግኩት እኔ። ሳንባዋ የደከመው ጎረቤታችን ኔል በዚህ ወር፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ መስኮቷን ከፍታ መተኛት ጀምራለች።

አባቴ ድሪክ ጢሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ቱታውን ለብሶ ይመጣል።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ" ይላል። "ከአያትሽ ጀምሮ በዚህ ግቢ ቆሻሻ አይታይም።"

"ዛሬ ልኬቱን ካላለፍን ግማሹን አሳማ ታስወጣለህ፣ አባ። የእርባታ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ኔልም መስኮቷን ትዘጋለች። እኔን መጠየቅ ምን ነበረበት?"

"እስከ ከሰዓት አይመለስም?"

"አራት ወር ነው የፈጀው። ጸጉር መሰለህ እንዴ?"

የማዘጋጃ ቤቷ መርማሪ የመለኪያ ሣጥኗን ይዛ፣ በላስቲክ ቦት ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች ትመጣለች። "ማጣሪያውን የሚይዘው ማነው?" ትላለች።

እስከ ዛሬ ለጠየቀ ሁሉ "እኔ ነኝ" ሲል የኖረው ትዋን ጫማውን ያያል።

"እሷ ናት" ይላል አባቴ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። "ከጅምሩ የእሷ ሥራ ነው።"

ይህን ቃል ከአፉ ስጠብቅ አራት ወር ሆኖኛል።

መርማሪዋ ብዕሯን አውጥታ ስሜን ትጠይቀኛለች።

"ዊለሚን" እላለሁ። "ይጻፉት። ከሥሩ ደግሞ ትናንት ሕያው እንደነበር፣ ዛሬ ጠዋት በበረኪና እንደታጠበ፣ ማን እንዳዘዘና ማን እንዳጠበም ይጻፉልኝ።"

"ዊል" ይላል አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

የጋጣው ማራገቢያ የሁለት ሺህ አሳማ አሞኒያ ምንም ሳይጣራ እላያችን ላይ ይለቀዋል። መርማሪዋ እየጻፈች ዓይኗን ትጠርጋለች። ትዋንም ይጠርጋል፤ አባቴም፣ በታጠበው እጅጌው። የእኔም ይቆጠቁጣል፤ እንባው እስከ አገጬ ይወርዳል።

እኔ አልጠርገውም።