ባሕሩ ሲያተኩሰው

በዚያ ዘመን ታጁራ ከተማ አንድ ሕግ ነበራት፤ በጥበቃ ሥር ያለው ባሕሯ ሲያተኩሰው፣ ማለት ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ በየቤቱ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ሁሉ ይጠፋል። ማቀዝቀዣዎቹ ሙቅ ውኃቸውን የሚደፉት እዚያው ባሕር ውስጥ ስለሆነ ኮራሉን፣ ያንን ዓሣ የሚጠለልበትን ባለ ቅርንጫፍ ሕያው የባሕር ድንጋይ፣ ቀለሙን እያነጡ ይገድሉት ነበር።

ባሕሩን የምትከታተለው ጠላቂዋ ውዴነሽ አንድ ጠዋት ኮራሉን ገርጥቶ አገኘችው። ለከተማው ከማስታወቋ በፊት ግን ወደ ቤቷ ሄደች። የባሏ አባት አቶ ሐመዱ ሳንባቸውን ስለሚያማቸው በሙቀት መተንፈስ ይቸግራቸዋል።

«አባባ፣ ኮራሉ ታሟል። ከተናገርኩ ቤታችን ይግላል፤ ለእርስዎ ፈራሁ» አለቻቸው።

ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁት ሽማግሌ መለሱላት። «እኔን ከጥላ ወደ ጥላ ታዛውሪኛለሽ። እሱ ግን ወዴት ይሸሻል? ተናገሪ፣ ልጄ።»

ተናገረች፤ ማቀዝቀዣው ዝም አለ። አንሶላ በውኃ እየነከረች ታለብሳቸው ጀመር። እሳቸውም እየሳሉ በየጠዋቱ «እንዴት አደረ?» እያሉ ስለ ኮራሉ ይጠይቋት ነበር።

ነፋሱ ዞሮ ባሕሩ ሲበርድ ጠልቃ አየችው። ቀለሙ ተመልሷል፤ ትንንሽ ዓሣዎች በቅርንጫፎቹ መሃል ይርመሰመሳሉ። ቤት ስትደርስ ማቀዝቀዣው ሥራ ጀምሯል።

«ዳነ» አለቻቸው እየሳቀች።

አቶ ሐመዱ ከቀዝቃዛው አየር ተነሥተው ከዘራቸውን ፈለጉ። «እንግዲያው ጀልባ አዘጋጂ። አብሮኝ የታመመውን ሄጄ እንኳን ማረህ ልበለው።»