አሥረኛዋ ፈራሚ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ ቢያንስ አሥር አባላት ይጠይቃል። ለመፈረም የደፈሩትም ልክ አሥር ሴቶች ነበሩ፤ የመጨረሻዋ እሷ ናት።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ለብቻዋ ቢሮው ጠራት። «ባልሽ ሥራ ከፈታ ስንት ወሩ ነው? ስምሽን ሰርዢና ነገ ጥበቃ ሆኖ ይጀምር» አላት።

ሰረዘች።

ሐሙስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «የአባላቱ ቁጥር ከአሥር በታች ስለሆነ ድርጅቱ ለማኅበሩ ዕውቅና አይሰጥም» ይላል። ሴቶቹን ያሰባሰቡት እትዬ አስናቀች አንብበው ሲጨርሱ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ አስናቀች ቤት ሄዳ አንኳኳች። ራሳቸው ከፈቱላት።

«እትዬ፣ ማኅበሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ስሜን ሰርዣለሁ» አለችና እግራቸው ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች።

እትዬ አስናቀች ክንዷን ይዘው ቀና አደረጓት። «ግቢ። ቦታ ካገኘሽ ተቀመጪ።»

አልጋው ላይና ወለሉ ላይ የቀሩት ስምንት ፈራሚዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ሁሉም» አሉ እትዬ አስናቀች በሩን እየዘጉ፣ «ያፈረስኩት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ነው የመጡት።»