ጸጥ ያለች ፀሐይ

ሰውመሆን ቁሐር ሚካኤል በሚባለው ቀበሌ ከሩዝ ማሳው ዳር ባለችው የእንጨት ጎጆ ተቀምጦ የፀሐይን ቁጣ ይጠብቃል። ፀሐይ ስትቆጣ የምድር መግነጢስ ይናወጣል፤ ከጎጆዋ ሥር የተቀበረው መሣሪያም መናወጡን ኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ይስላል። ብረት ሲቀርበውም እንዲሁ ስለሚረበሽ ጎጆዋ ምስማር እንኳ የላትም። እናቱ ጽጌሬዳም ዛሬ የመጣችው ቁልፏን ጎረቤት አስቀምጣ ነው።

«እሑድ የአባትህን ተዝካር እናውጣ» አለችው። «ጎርፍ ከወሰደው ዓመት ሊሞላው ነው። ሰውስ ምን ይለናል?»

«ሬሳው ሳይገኝ?»

«ዋና የማያውቅ ሰው፣ ያውም በዚያ በሚያነክስ እግሩ ውስጥ ያን ሁሉ ብረት ይዞ፣ ወጥቶ ይመጣል ብለህ ነው?»

ሰውመሆን ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ጠዋት ከዋናው የፀሐይ መከታተያ ጣቢያ የደረሰው መልእክት ፀሐይ ዛሬ ጸጥ እንዳለች ይናገር ነበር። መስመሩ ግን ሰሞኑን በየቀኑ እንደሚያደርገው ድንገት ተነሣ። እንደ መጋዝ አንድ ረጅም ጥርስ፣ አንድ አጭር፤ ደግሞ ረጅም፣ ደግሞ አጭር። በመስኮቱ ቢያይ ሜዳው ላይ ከውሃና ከሩዝ በቀር ምንም የለም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች እናቱ።

«ፀሐይ ናት፣ እማ።»

ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ አየች። ጥርሶቹ ቀስ እያሉ፣ ግን እያደጉ ይመጣሉ።

«ፀሐይ ታነክሳለች እንዴ፣ ልጄ?»

መስመሩ የመጨረሻውን ከፍታ ወጥቶ እዚያው ቀጥ አለ።

ደጁ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።