አባባ ያዘዘው ድንጋይ

"ብይ እንጂ ሌሊሴ፣ ጨጨብሳው ቀዘቀዘብሽ!" ይላሉ ጎረቤታቸው እትዬ ወለተጻድቅ፣ ሳህኑን ወደ እሷ እየገፉ።

ሌሊሴ ሻንጣዋን እንኳ ገና አልፈታችም። ከኪሊማንጃሮ መመለሷ ነው። ታክሲው አስራ ስምንት ማዞሪያን አልፎ፣ ማለዳ ላይ ቀራንዮ ከቤታቸው በር ሲያወርዳት፣ ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ጠበቃት። ተራራ ወጥታ ለተመለሰች ልጅ ይህ ሁሉ ሰው! ደስ ብሏታል፣ ትንሽም አፍራለች።

"አባባስ?" ብላ ጠይቃ ነበር፣ ገና ከመግባቷ።

"ጸበል ነው፣ ስልክም አልያዘም" አለቻት ታናሽ እህቷ ኢሊሊ። ከተራራው ወርዳ በደወለች ጊዜም ይህንኑ ነው የነገረቻት።

ጸበል መሄዱ አይገርምም። ዕድሜውን ሙሉ ሲገነባ የኖረ ሰው ነው፣ ወገቡን ያመዋል። የሚገርመው ልጁ የምትመጣበትን ቀን ትቶ መሄዱ ነው። ስትነሳ "ልብስ ምናምን አልፈልግም" ብሏት ነበር። "ከጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ አምጪልኝ። ምን ዓይነት እንደሆነ በእጄ ልየው።" ድንጋዩ አሁን ጭኗ ላይ ነው። ጥቁር ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ጡጫ ያህላል።

"እስቲ ንገሪን" ይላሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለሃይማኖት። ሶፋው ጫፍ ላይ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል።

መንገር ትወዳለች፣ ትነግራቸዋለች። ከናይሮቢ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ሜዳ መሀል ተበላሽቶ፣ ግራር ስር ተቀምጣ ስትውል ጦጣ ምሳዋን ከእጇ ነጥቋት ሄደ። ሰዉ ሁሉ ይስቃል። ሻንጣዋ ለጥቂት ቀን ጠፍቶ፣ የአንድ ግዙፍ ፈረንጅ ሱሪ ተውሳ፣ ወገቧን በገመድ አስራ ነው ተራራውን የወጣችው። አሁንም ይስቃሉ። ግን ሳቁ ወሬው ሳያልቅ ይቀድማታል። እትዬ ወለተጻድቅ ስቀው ሲያበቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ፣ ትላለች በልቧ።

"ጫፉ ላይስ?"

"ጫፉ ላይ አለቀስኩ፣ ጋሼ። ፀሐይዋ ከእግሬ ስር ነው የወጣችው። አባባ ይህን ባየ አልኩ።"

የሚስቅ የለም። ኢሊሊ ሻይ ላምጣ ብላ ብድግ ስትል ሻሿ በሩ ላይ ተይዞ ይንሸራተታል። ጫፉን እንኳ ሰው እንዲነካባት የማትፈቅደው ፀጉሯ ከስሩ ተላጭቷል።

"ፀጉርሽ ምን ሆነ?"

"ፎረፎር" ትላለች ኢሊሊ፣ ሳትዞር።

ሌሊሴ የጎረሰችውን ማላመጥ ታቆማለች።

"ብይ የኔ ልጅ። አንድ ሁለት ጉርሻ ነው የቀረሽ" ይላሉ እትዬ ወለተጻድቅ።

ይህን ንግግር ታውቀዋለች። ባለፈው ክረምት የሌላ ጎረቤታቸው ልጅ ማርቆስ ከጅማ የመጣ ቀን፣ ሳህኑን ተሸክማ የገባችው እሷ ነበረች። እናትህ ለምርመራ ሆስፒታል ናቸው ብላ የዋሸችውም እሷ ናት። ከመንገድ ለመጣ ሰው ባዶ ሆዱን መርዶ አይነገርም። "ብላ እንጂ ማርቆስ" አለችው። እሱም ራበኝ ብሎ ጥርግ አድርጎ በላ። እጁን ሲታጠብ ጋሽ ተክለሃይማኖት ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ። ከዚያ በኋላ የሰማችው ጩኸት ስንት ቀን እንቅልፍ ነስቷታል።

በመስኮቱ ግቢውን ታያለች። መሬቱ ተረጋግጧል፣ ሣሩ ተኝቷል። በየማዕዘኑ በአዲስ አፈር የተደፈነ ጉድጓድ አለ፣ የድንኳን ቋሚ የሚገባበት ዓይነት። ስትገባም አይታው ነበር። አባባ ደግሞ ምን ሊተክል ነው ብላ ነበር ያለፈችው።

ሳህኑ ላይ አንድ ጉርሻ ቀርቷል። የቤቱ ሰው ሁሉ ያን ጉርሻ እያየ ነው።

እትዬ ወለተጻድቅ ወንበራቸውን አስጠግተው ክንዷን ይይዛሉ፣ ጠበቅ አድርገው። ጋሽ ተክለሃይማኖት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እጃቸው ወደ ኮፍያቸው ይሄዳል።

"ልጄ ሌሊሴ…"

"ቆይ ጋሼ!" ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ይጮሃል። "የኤርፖርቱን አልነገርኳችሁም እኮ! ድንጋዩን ሊወስዱብኝ ነበር። ይሄ ምንድን ነው አለኝ ፈታሹ። ድንጋይ ነው አልኩት። ድንጋይ አገርሽ የለም ወይ አለኝ። ለአባቴ ነው፣ አባቴ ግንበኛ ነው፣ እየጠበቀኝ ነው አልኩት…"

አንድ ሰው ጥግ ላይ መሬት መሬቱን እያየ አንገቱን ይነቀንቃል። የጋሽ ተክለሃይማኖት እጅ ኮፍያው ላይ እንደቆመ ነው።

ሌሊሴ ሳህኑን ከነጉርሻው ወደ ጠረጴዛው መሀል ትገፋዋለች፣ እጇ ከማይደርስበት። ድንጋዩን በሁለት እጇ ትይዛለች።

"ግን እንዲህ ከመሀል አይሆንም" ትላለች። "ከአውቶቡሱ ልጀምርላችሁ።"

የአውቶቡሱን ሰምተውታል። ጋሽ ተክለሃይማኖት እትዬ ወለተጻድቅን ያያሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ከኮፍያቸው ላይ ያወርዳሉ።

"ጀምሪልን፣ ልጄ" ይላሉ።