ሦስተኛው ውሃ

ውሃ እያፈላ ያስቸገረው አሮጌ ጂፕ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ጋራዥ ሲገባ፣ መካኒኩ ቲጃኒ ገና ከበር ላይ አወቀው። ባለፈው ዓመት በቀይ ሽብር ልጁን ኢስሃቅን ጭኖ ወደ የቡ ከተማ የወጣው መኪና ነው። ልጁ አልተመለሰም። ሾፌሩን ፈለቀን «የት አደረሳችሁት?» ሊለው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ የጠየቀ ሁሉ ተከትሎ ይጫን ነበርና።

የራዲያተሩን ማፍሰሻ ሲፈታ ዝገት የበላው ቀይ ውሃ ተዘረገፈ። እንደገና ሞልቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ አፈሰሰው፤ አሁንም ቀይ።

«ያ አላህ፣ ጥራ በቃ!» ብሎ ሦስተኛውን ሞላ።

ሦስተኛው ውሃ እንደ ምንጭ ጠርቶ ወረደ፤ ካፉር ካፉር እየሸተተ።

«ሽቶ ጨመርክበት እንዴ?» አለ ፈለቀ አፍንጫውን ይዞ።

ቲጃኒ የጨመረው የጉድጓድ ውሃ ብቻ ነው። ካፉር ደግሞ ሬሳ ሦስት ጊዜ ሲታጠብ በመጨረሻው ውሃ ላይ የሚደረግ ሽቶ ነው።

የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። ዓመት ሙሉ «ልጄ አልሞተም» እያለች ለቀስተኛ ስትመልስ የኖረችው ሚስቱ ኩልሱም፣ ለከፈን የሚሆን ነጭ አቡጀዲ በክንዷ ይዛ ቆማለች።

«የኢስሃቅ አባት» አለች ቀስ ብላ፣ «አጥበኸው ጨረስክ?»