በእኛ ጊዜ ያልነበረ በሽታ

አማቴ ስለ ሕክምና የማያውቁት ነገር የለም። የሦስት ዓመቱ ልጄ ያፌት ለውዝ ከቀመሰ ጉሮሮው እንደሚያብጥ ዶክተሩ ሲነግረኝ አብረውኝ ነበሩ። እሳቸው ግን "ዶክተሩ ገና ለጋ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው" ብለው በደግነት አለፉት።

ዛሬ ለመክሰሱ ስኳር ድንች ቀቅዬ፣ ሙዝ ቆራርጬ ሳቀርብለት ሳህኑን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ልጁን ዝንጀሮ አደረግሽው" አሉኝ።

"አለርጂ አለበት እኮ፣ እማዬ።"

"በእኛ ጊዜ አለርጂ የሚባል ነገር አልነበረም። ያገኘነውን እየበላን ነው ያደግነው።"

በእሳቸው ጊዜ ያልነበረው ነገር መቼም ብዙ ነው። ይህን እያሉ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የተቆላ ለውዝ ፈትተው መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። እጃቸውን ያዝኩ።

"ልቀቂኝ። በእኛ ጊዜ የሚፈራው ቡዳ ነበር። የበኩር ልጄን የበላብኝ ቡዳ ነው። ልክ እንደ ያፌት ዓይን ውስጥ የሚገባ ልጅ ነበር። ጎረቤታችን ዘርትሁን እንደ ደግ ሰው ለውዝ ዘግና ሰጠችው። ያንኑ እያኘከ ከንፈሩ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ እቅፌ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ቡዳዋ እሷ ናት ብለን ከነልጆቿ ከሰፈር አባረርናት።"

ያፌት ለለውዙ እጁን ዘረጋ። አማቴ መዳፋቸውን ጨበጡ። ለውዙን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ፣

"ዘርትሁን በሕይወት ትኖር ይሆን?" አሉኝ።